የኤልያስ ከተማ

አስጎብኚዋ ቀይ ጃንጥላዋን ከፍ አድርጋ ከፊት ከፊታችን ትሄዳለች፤ እኛ ጆሯችን ላይ በተሰካው ማዳመጫ ድምፅዋን እየሰማን እንከተላታለን። ጣሊያን አገር፣ ኦርቪዬቶ በምትባል በገደል አናት ላይ በተሠራች ትንሽ ከተማ፣ በትልቁ ካቴድራል ውስጥ ነን። የካቲት ነው። ቅዝቃዜው ከወለሉ ድንጋይ ተነስቶ ጫማ ውስጥ ይገባል። "አሁን ወደ ቀኝ እንታጠፋለን" ስትል እኔ ቀድሜ ታጥፌ ነበር።

ከፊቴ የቆመችው ሴትዮ የለበሰችው ሹራብ በቅርቡ የታጠበ መሆን አለበት። ልብስ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ የሚጨመረው የሽቶ ወረቀት ጠረን ከትከሻዋ መጣና ባለሁበት አቆመኝ። ቡድኑ አልፎኝ ሄደ። በማዳመጫው ውስጥ አስጎብኚዋ ስለ ሠዓሊዎችና ስለ ጳጳሳት ማውራቷን ቀጠለች። እኔ መስማት ትቼ ነበር።

ይህን ቤተ ክርስቲያን መጀመሪያ ያስጎበኘችኝ አክስቴ ጦይባ ናት። ያስጎበኘችኝ ግን እዚህ አይደለም። ዳላስ አጠገብ፣ አዲሰን ውስጥ፣ የምንኖርበት አፓርትመንት የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አክስቴ አሁን በሕይወት የለችም።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ነበረች። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ደሴ ላይ አባቴን ያሳደገችው እሷ ናት። ከዚያ ጣሊያን ሄደች። ኦርቪዬቶ ውስጥ አንዲት አሮጊት ስትጦር ብዙ ዓመት ኖረች፤ ማውሮ የሚባል የአውቶቡስ ሾፌር አገባች፤ ኤልያስን ወለደች፤ ተፋታች። አባቴ አሜሪካ ከገባ በኋላ የጀመረላት የቪዛ ፕሮሰስ ዓመታት ፈጅቶ ያለቀው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስምንት መገባደጃ ላይ ነው፤ ልክ ሰው ሁሉ ከሥራ በሚባረርበት ሰሞን። ቪዛው የመጣው ለእሷም ለልጇም ነበር። ልጁ ከአገር እንዲወጣ ግን አባቱ መፈረም ነበረበት። ማውሮ "የትምህርት ዓመቱን ይጨርስ፣ ሰኔ ላይ እፈርማለሁ" አላት። የልጁ ቪዛ በኋላ ሊታደስ ይችላል፤ የእሷ ግን ጊዜው ሊያልፍ ሆነ። ስለዚህ ብቻዋን መጣች።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ያኔ የነገሩኝ "ኤልያስ ሰኔ ላይ ይመጣል" ብቻ ነበር። በእኔ ዕድሜ ያለ ልጅ እንደሆነ፣ ክፍሌን እንደምንጋራ፣ አንድ ትምህርት ቤት እንደምንሄድም ነገሩኝ። እኔ ወንድምም እህትም አልነበረኝም። ሰኔን ከማንም በላይ የጠበቅሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ከአክስቴ በስተቀር።

አባቴ ሁለት አልጋ ገዝቶ ክፍሌ ውስጥ ገጣጠመ። አንዱ የአክስቴ፣ በመስኮቱ በኩል ያለው የኤልያስ ሆነ። ክፍሉ በአልጋ ተሞልቶ የምንራመድበት ጠፋ። አክስቴ ከሻንጣዋ ውስጥ የልጇን ልብሶች አውጥታ መሳቢያ ውስጥ በሥርዓት ደረደረቻቸው። "እሱ ሲመጣ ሻንጣው እንዳይከብደው" አለችኝ። አንዳንዴ አንዱን ሱሪ ታወጣና እኔ ላይ ለክታ "አሁን እዚህ ድረስ ደርሶ ይሆናል" ትላለች። ሱሪው ከቁርጭምጭሚቴ ትንሽ ከፍ ይል ነበር። እንደሚያጥረው ሁለታችንም ይታየናል። አጣጥፋ ትመልሰዋለች።

አክስቴ በመጣች በሁለተኛው ወር ዳላስ ፎርት ወርዝ ኤርፖርት ሥራ አገኘች። መራመድ የማይችሉ መንገደኞችን በዊልቸር ትገፋለች። ኤርፖርት የገባችበት ምክንያት ለእኔ ግልጽ ነበር። ቤታችን ውስጥ በተደጋጋሚ የሚነሳ አንድ ቃል ነበር፤ ፊርማ። "ፊርማው መጣ?" ይላል አባቴ ከሥራ ሲገባ። "ፊርማው ከዘገየ እኮ ልጁም ይዘገያል" ትላለች እናቴ። አክስቴም በስልክ በጣሊያንኛ ስታወራ ከማይገባኝ ጎርፍ ውስጥ "ፊርማ፣ ፊርማ" የሚለው ብቻ ይለይልኛል። የእኔ አማርኛ የወጥ ቤትና የመኝታ ቤት አማርኛ ነበር፤ ያን ቃል አላውቀውም። እንግዲህ ፊርማ አውሮፕላን ነው አልኩ። ኤልያስን ይዞ የሚመጣው አውሮፕላን። አክስቴም ኤርፖርት የምትሠራው ፊርማ ሲመጣ እንዳያመልጣት ነው። ማንንም አልጠየቅሁም፤ የገባኝ ነገር ነበርና።

ጉብኝቱ የተጀመረው በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቅዳሜ የልብስ ቀናችን ነበር። ሁለት ትልልቅ ፌስታል ተሸክመን የመኪና ማቆሚያውን አቋርጠን ወደ ማጠቢያው ክፍል እንሄዳለን። ክፍሉ ረጅምና ጠባብ ነው፤ በግራ በኩል ማጠቢያዎቹ፣ በቀኝ በኩል ክብ መስታወት በር ያላቸው ማድረቂያዎች ተደርድረዋል። እርጥብ ሲሚንቶና ሽቶ ይሸታል። አክስቴ ሁልጊዜ የኤልያስን አልጋ አንሶላና ትራስ ልብስ ጨምራ ታጥብ ነበር። ማንም አልተኛበትም እኮ ስላት "አቧራ ይተኛበታል" አለችኝ።

"ነይ ቁጭ በዪ" አለችኝ የዚያን ቀን ማሽኖቹን ካስነሳች በኋላ። "የኤልያስን አገር ላሳይሽ።"

"ፎቶ አለሽ?"

"ፎቶ ምን ያደርግልሻል? አሁን ባቡር ጣቢያ ነን። ጣቢያው ከታች ነው፣ ከተማው ከላይ፣ ገደሉ አናት ላይ። ቀና በዪ።"

ቀና አልኩ። የጣሪያው መብራት አንዱ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"በሽቦ የሚጎተት ትንሽ ባቡር አለ፤ እሱ ቀጥ ብሎ ያወጣናል። ኤልያስ የኋላውን መስኮት ነው የሚወደው፤ ምድሩ ሲሸሸው ለማየት። ስለዚህ እሱን ትለቂለታለሽ፣ እሺ?"

"ኦኬ።"

"ከላይ ስንደርስ ንፋስ አለ። ጃኬትሽን ዝጊ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ቤቱ ሁሉ ቡናማ ድንጋይ። ብዙ ድመት አለ፤ ኤልያስ ለሁሉም ስም አውጥቶላቸዋል። አትሩጪ። ቤተ ክርስቲያኑ ከሩቅ አይታይም፤ መንገዱ ሲያልቅ ድንገት ነው ብቅ የሚልብሽ።"

ግድግዳው እንደ ሜዳ አህያ ነጭና ጥቁር መስመር አለው አለችኝ። ፊቱ ወርቅ ነው። ከበሮቹ ግራና ቀኝ በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ታሪክ አለ፤ አንዱ ጋ አደም ተኝቶ ሐዋ ከጎኑ ስትወጣ፣ ከወዲያኛው ጫፍ ሙታን የሳጥናቸውን ክዳን እየገፉ ሲነሱ። ውስጡ ጨለም ያለና ቀዝቃዛ ነው። ከታች በኩል ያሉት መስኮቶች መስታወት ሳይሆኑ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ድንጋይ ናቸው፤ ፀሐይ ስትመታቸው ማር ይመስላሉ። "ቀዝቃዛ ነው" ስትለኝ ማድረቂያዎቹ ከጀርባዬ ይግሉ ነበር፤ ላቤ እየወረደ በረደኝ።

"ይህን ሁሉ እንዴት ያዝሽው?" አልኳት።

"ሲኞራ ናት ያስያዘችኝ። የምጦራት አሮጊት። ዓይኗ ጠፍቶ ነበር። በየቀኑ በዊልቸር እየገፋሁ እወስዳታለሁ፤ ስንገባ 'አሁን ምን አለ?' ትለኛለች። ያየሁትን እነግራታለሁ። ከተሳሳትኩ ትቆጣኛለች፤ ከመታወሯ በፊት ዕድሜዋን ሙሉ አይታዋለቻ። ኤልያስ ደግሞ ከዊልቸሩ ኋላ ተንጠልጥሎ ይሰማል።" ማሽኑን አየት አደረገችና "ልጄ ሲመጣ አገሩ ይናፍቀዋል ሀዩ" አለችኝ። "እዚህ አገሩን የሚያውቅለት የለም። አንቺ ካወቅሽለት ብቻውን አይሆንም።"

በዚያ የብርድ ወቅት በየቅዳሜው ሄድን። አንዳንዴ ካቴድራሉ ጋ አንደርስም። ገበያ እንገባለን፤ ሲኞራ ዓሣ ሻጩን ስትሰድብ እንሰማለን። አንዳንዴ ወደ ጥንታዊው የውሃ ጉድጓድ እንሄዳለን። በግድግዳው ውስጥ የሚዞር ሁለት ደረጃ አለው፤ የሚወርድ በአንዱ፣ የሚወጣ በሌላው። ወራጅና ወጪ በመስኮቶቹ ይተያያሉ እንጂ አይገናኙም። ያን አልወደድኩትም። "እኔና ኤልያስ በአንዱ እንወርዳለን" አልኳት። "በአንዱ ውረዱ" አለችኝ።

ከሁሉም የሚያስፈራው ግን በካቴድራሉ በቀኝ በኩል ያለው ክፍል ነበር። አክስቴ የቂያማ ክፍል ትለዋለች። ግድግዳው ላይ የዓለም መጨረሻ ተሥሏል፤ ሰዎች ከመሬት ውስጥ በክንዳቸው እየተጎተቱ ይወጣሉ፤ ገና ሥጋ ያልለበሱ አፅሞችም አብረዋቸው ቆመው ይጠብቃሉ። "ኤልያስ እዚህ ጋ ዓይኑን ይጨፍናል" አለችኝ። "ቀሚሴን ይይዝና እየጎተትኩት ያልፋል። አንቺ እጁን ትይዢዋለሽ። ካለፋችሁ በኋላ 'አለቀ' በዪው፤ ካላልሽው አይገልጥም።"

ከዚያ በኋላ በዚያ በኩል ስናልፍ ቀኝ እጄን ወደ ጎን ዘርግቼ እዘጋጅ ነበር።

እናቴ ነገሩ አልጣማትም። ፍሪስኮ በምትባል ጎረቤት ከተማ ቢሮዎች ታጸዳ ነበር፤ አንድ ከሰዓት ሥራ ልትሄድ ስትል እኔ ወለሉ ላይ መስመር አስምሬ "እዚህ አልታሩ ነው" ስል ሰማችኝ።

"እትዬ ጦይባ፣ ማለቴ፣ አትቀየሚኝና፣ ልጅቷን ቸርች ውስጥ እኮ ነው የምትከቻት።"

"ላውንድሪ ውስጥ ነው የከተትኳት፣ ሉባባ።"

"ሶ ሰው ቢሰማ ምን ይላል? ቁርአን ትምህርቷን ትታ..."

"ልጄ የሚያውቀው እሱን ነው። መስጊድ አላሳየሁትም፤ የነበረኝን ነው ያሳየሁት። አላህ ያውቀዋል።"

አባቴ ጫማውን እያሰረ ነበር። ቀና ሳይል "ሉባባ፣ ተያቸው" አለ። እናቴም ተወችን።

እሑድ እሑድ የስልክ ቀን ነበር። አክስቴ ካርዱን ፍቃ ትደውላለች። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከኤልያስ ጋር በሁለት ቋንቋ ትሳሳቅ ነበር። "ኤልያስ ነኝ" ይል የነበረው ልጅ ቀስ በቀስ "ኤልያ" ማለት ጀመረ፤ ጣሊያኖቹ እንደዚያ ነው የሚጠሩት፣ የመጨረሻዋ ፊደል ወደቀች። አማርኛ ስታወራው በጣሊያንኛ ይመልሳል። ከዚያ እሷም ወደ ጣሊያንኛ ዞረች። አንድ ጊዜ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ "መዋኛ ገንዳ አላችሁ?" አለኝ። አለን አልኩት፤ ግን አሁን ዝግ ነው፣ ሲሞቅ ይከፈታል። "ኦኬ" አለኝ። እኔም ድመቶቹን ጠየቅሁት። "የትኞቹ ድመቶች?" አለ።

መጋቢት ላይ እሑዶቹ አጠሩ። አንዳንዴ ማውሮ ያነሳና ልጁ ኳስ ላይ ነው ይላታል። አንዳንዴ አንዲት ሴት ታነሳለች። አክስቴ ከስልኩ ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነው የምትመጣው። ቅዳሜ ሲሆን ግን ጉብኝቱ አይቀርም፤ እንዲያውም ጥብቅ ሆነ። እንደ ሲኞራ ትቆጣኝ ጀመር። "ግራ አይደለም! ስንቴ ልንገርሽ? በግራ ከሄድሽ እሱ ይጠፋሻል።"

ግንቦት አልቆ የእኛ ትምህርት ቤት ተዘጋ። የመዋኛ ገንዳው ተከፈተ። አባቴ ከሥራ ባልደረባው ያገለገለ ብስክሌት አምጥቶ ሰንሰለቱን ዘይት ቀባው። እናቴም፣ ያቺ ተቀያሚዋ እናቴ፣ ለኤልያስ አዲስ ፎጣ ገዛች።

ስልኩ የጮኸው በሰኔ አጋማሽ አንድ ከሰዓት ላይ ነው። እናቴ ዙህር እየሰገደች ነበር፤ እኔ አነሳሁት። ኤልያስ ነበር።

"ማማ?" አለ።

ሥራ ላይ ናት አልኩት። ከጀርባው ቴሌቪዥን ይሰማል። ከዚያ በጣሊያንኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ ከውስጡ ያቺን ቃል ሰማኋት። "አጌን፣ አጌን" አልኩት። ቀስ አድርጎ ደገመልኝ። እኔም እየተከተልኩት ደገምኩ፤ እሱ አረመኝ፤ እንደገና አልኩት። "ብራቫ" አለኝና ዘጋው።

አክስቴ ከሥራ እስክትመጣ ድረስ እንዳይጠፋብኝ እያልኩት ቤቱን ዞርኩ። ለእናቴም አልነገርኳትም፤ የምሥራቹ የአክስቴ ነው። በሩ ሲከፈት ሮጬ ወገቧን ያዝኩ። የኤርፖርቱን ሰማያዊ ሰደርያ ገና አላወለቀችም።

"ኤልያስ ደወለ! ፊርማ! 'ፓፓ ኖን ፊርማ። ኢዮ ሬስቶ ኩዊ።'"

እጇን ጭንቅላቴ ላይ አድርጋ ነበር። እጁ እዚያው ቀረ፤ ግን ከበደ።

"ምን አልሽ?"

ደገምኩላት። ሳላዛንፍ ነበር፤ ራሱ ኤልያስ ነው ያረመኝ። ደስ እንዲላት ጠበቅሁ።

"'ኢዮ' ብሏል? 'እኔ' ብሎ፣ እሱ ራሱ?"

"የስ። ሁለቴ።"

"እያለቀሰ ነበር?"

"ኖ! ቀስ ብሎ ነው ያለው፣ እንድይዘው።"

አክስቴ ጫማ የምናወልቅበት ቦታ ላይ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እናቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየቻት፤ እጇን እያደራረቀች መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። እኔ መሃላቸው ቆሜ "ፊርማ አልመጣም እንዴ?" አልኩ።

የመለሰልኝ አባቴ ነው፤ ከሥራ ገብቶ አክስቴ በረንዳ ላይ ከማውሮ ጋር በስልክ እየጮኸች ሳለ። እኔን ጠረጴዛው ጋ አስቀመጠኝ። "'አባቴ አይፈርምም፣ እኔ እዚሁ እቀራለሁ' ነው ያለሽ" አለኝ። ፊርማ አውሮፕላን እንደሆነ የማምነውን ስነግረው አልሳቀም። ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ በአንድ የፒዛ ማስታወቂያ ወረቀት ጀርባ ላይ ስሙን ጫር አድርጎ ጻፈ።

"ፊርማ ይኸ ነው።"

አየሁት። አንድ የተጠማዘዘ መስመር ነው።

"ይኸ ብቻ?"

"ይኸ ብቻ" አለኝ።

አባቴ ሎየር እንያዝ አለ። አክስቴ ለጥቂት ቀን እሺ ስትል ቆየችና ተወችው። "ፍርድ ቤት ቢፈርድልኝ 'አልመጣም' የሚለውን ልጅ በምን አመጣዋለሁ? አስሬ?" አለችው። ቅዳሜዎቹ ቀጠሉ፣ ልብስ መታጠብ አለበትና፤ እሷ ግን አታወራም። አንድ ቅዳሜ ዝምታው ከብዶኝ እኔው ጀመርኩ። ጣቢያው ላይ ነን አልኩ። በትንሿ ባቡር አወጣኋት፣ ጃኬቷን አስዘጋኋት፣ በጠባቡ መንገድ መራኋት። አልከለከለችኝም፤ ፎጣ ታጣጥፋለች። የቂያማው ክፍል ጋ ስደርስ እጄን ዘርግቼ "ኤልያስ፣ ዓይንህን ጨፍን" አልኩ።

"ይበቃል ሀዩ" አለችኝ። "አሁን አይፈራም። አድጓል።"

ነሐሴ ላይ ልሂድ አለች። ቤታችን ውስጥ እንደዚያ ያለ ጭቅጭቅ ሰምቼ አላውቅም። "ግሪን ካርድሽ እኮ ይቃጠላል!" አለች እናቴ። "ይቃጠል" አለች አክስቴ። አባቴ ስንት ዓመት የጠበቅንበትን እያለ ጠረጴዛውን መታ። ልጁ አልፈልግሽም እያለ ማን ጋ ነው የምትሄጂው፣ ባዶ ቤት ጋ? አላት።

"ሰይድ" አለችው፤ ድምፅዋን ሳትጨምር። "እማዬ ስትሞት አንተም አልፈልግሽም ብለኸኝ ነበር። ገፍትረኸኛል። ረስተኸው ነው።"

አባቴ ተነስቶ ወጣ። በማግስቱ ትኬቱን የቆረጠላት እሱ ነው።

ኤርፖርት አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች ተሰብስበው ሸኟት። አንዷ ለቀልድ ዊልቸር አምጥታ "ዛሬ እኛ እንግፋሽ" ብትላት እንቢ አለች። እኔን አቅፋ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችኝም። በመፈተሻው በኩል ስትገባ ዞር አላለችም። አባቴ ጀርባዋ እስኪጠፋ ቆሞ ካየ በኋላም ቆሞ ቀረ።

የደወለችው መስከረም ውስጥ ነው። አባቴ ሁላችንም እንድንሰማ ስፒከር ላይ አደረገው። ከታች፣ ጣቢያው ሠፈር አንዲት ክፍል ተከራይታለች፤ የምትጦራት ሴትም አግኝታለች፣ አልሐምዱሊላህ። ማውሮ እሑድ ካቴድራሉ ፊት ለፊት ልጁን ይዞላት እንደመጣ ነገረችን።

"እና ኤልያስስ?" አለች እናቴ።

የአክስቴ ድምፅ ቀጠለ።

"ቁመቱ ትከሻዬ ደርሷል። አባቱ ወደ እኔ ገፋ አደረገው። መጣና እጁን ዘረጋልኝ። እንደ እንግዳ። 'ደህና ነዎት?' አለኝ።"

"አንቱ አለሽ?" አለ አባቴ።

"አማርኛው ሁሉ ጠፍቶበታል፣ ሰይድ። የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ላንተ በስልክ ሰላም እንዲልበት ብዬ በልጅነቱ ያስተማርኩት። ለእናቱ አማርኛ ልናገር ብሎ አስቦ መጥቶ፣ ያለችውን አወጣልኝ።"

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች።

"ምን አልሽው?" አለ አባቴ።

"ምን እለዋለሁ? 'ደህና ነኝ ጌታዬ፣ እርስዎስ?' አልኩት።"

አባቴ ስፒከሩን አጠፋውና ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ በረንዳ ወጣ። የመስታወቱን በር ከኋላው ዘጋው። እኔ ከወዲህ ቆሜ አየዋለሁ፤ ረጅም ጊዜ ሲሰማ ቆየ፣ ግንባሩን የበረንዳው ብረት ላይ አስደግፎ።